የቍልፍና የመክፈቻ ምሳሌ በኤርጎት ሲመዘን

ስለ ሴሮቶኒን ተቀባይ በትምህርት ክፍል ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው የቍልፍና የመክፈቻ ምሳሌ ነው። ሴሮቶኒን እንደ መክፈቻ፥ በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለው ተቀባይ እንደ ቍልፍ ይቈጠራል። ምሳሌው ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ዳሩ ግን በአገራችን የታየውን አንድ ከባድ ደዌ ሊያስረዳ አይችልም።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 እና በ1978 በወሎ፥ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የበቀለው ስናር ኤርጎት በተባለ ፈንገስ ተበክሎ ነበር። እህሉን ከተመገቡት ሰዎች መካከል እግራቸው ደም አጥቶ፥ ጠቍሮ የደረቀባቸው ነበሩ። በ2001ም በአርሲ በተበከለ ገብስ ምክንያት ይኸው ደዌ ታየ። ደብረ ብርሃንና አንኮበር ገብስ አብቃይ ስለሆኑ ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከኤርጎት መርዞች አንዱ ኤርጎታሚን ነው። ይህ መርዝ 5-ኤችቲ1ቢ በተባለው የሰው ተቀባይ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያሳየው የክሪስታል ጥናት በ2013 ታትሟል። ሥራው የሚመሰገን ነው፤ የመርዙ አንድ ወገን ሴሮቶኒን በሚያርፍበት ጕድጓድ፥ ሌላው ወገን ከዚያ ከፍ ባለ ስፍራ እንደሚያዝ ገልጿልና። ነገር ግን ክሪስታል የቆመ ሥዕል ነው፤ የእግር መድረቅ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ተቀባዩ የሕዋሱን ሽፋን 7 ጊዜ የሚያቋርጥ ፕሮቲን ሲሆን፥ ብቻውን ሳለም ከቅርጽ ወደ ቅርጽ ይለዋወጣል። ሴሮቶኒን ሲያርፍበት አንደኛው ቅርጽ ያይላል፤ በውስጥ ያለው ጂ ፕሮቲን ይነቃል፤ በደም ሥር ጡንቻ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይቀንሳል፤ ጡንቻውም ወደ መኰማተር ያዘነብላል። ሴሮቶኒን ቶሎ ሲለቅ፥ ኤርጎታሚን ግን ይቈያል። ከዚህም በላይ 5-ኤችቲ2ኤን እና የአድሬናሊን ተቀባዮችን ጭምር ይይዛል። እንዲህ ያለውን ነገር መክፈቻ ብሎ መጥራት ያሳስታል።

ስሕተቱ የቃል ብቻ አይደለም። ለራስ ምታት ኤርጎታሚን የሚወስድ በሽተኛ ሪቶናቪር ቢታዘዝለት፥ ጉበቱ መርዙን ማጥፋት ስለሚሳነው እግሩን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። ቍልፉም መክፈቻውም ያው ናቸው፤ የተለወጠው መጠኑና የቈይታው ጊዜ ነው። ስለዚህ ተማሪ «የቱ ይገጥማል?» ከማለት አልፎ «ምን ያህል፥ ለስንት ጊዜ፥ በስንት ተቀባይ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።