«ተዋውቀዋል እንጂ አልተገናኙም»፦ በማገናኘት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሙያ ቃላት ስየማ የሚቀርቡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በስሞች ላይ ነው። አዲስ መሣሪያ ወደ አገር ይገባል፤ «አማርኛው ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከግዕዝ ሥር ተፈልጎ ወይም ከውጭው ቃል ተተርጉሞ ስም ይወጣለታል፤ ሥራውም እንደተፈጸመ ይቆጠራል። እኛ በበኩላችን ይህ አሠራር ከመንገዱ አጋማሽ ላይ የሚቆም መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለማስረጃነት የመረጥነው ጉዳይ በኪስ የሚያዝን የሙዚቃ ማጫወቻ ከመኪና ቴፕ ጋር ማገናኘት ነው። ጉዳዩ ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሹፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም በየቀኑ የሚፈጽመው ተግባር ስለሆነ፣ የምንሰይማቸው ቃላት ይሥሩ አይሥሩ ሳይውል ሳያድር የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ወደዚህ ሐሳብ የመራን ከአዳማ ተነሥተን በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ስንጓዝ ያጋጠመን ነገር ነው። መንገዱ ከ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ የሚወጣ ዳገት ነው። በዕድሜ የገፉት የሚኒባሱ ሹፌር ከስልካቸው ዘፈን ለማሰማት ደጋግመው ሞከሩ። በአማርኛ የተሰናዳው የስልኩ ገጽ «ተጣምሯል» ይላል፤ ከቴፑ ግን ድምፅ አይወጣም። ሹፌሩ «ተጣምሯል ይላል እኮ!» እያሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ መንገዱ ሲያመላልሱ ተሳፋሪው ሁሉ ሠጋ። አሰላ እንደደረስን የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ወጣት ስልኩን ተቀብሎ ተመለከተና «ጋሼ፣ ስልኩና ቴፑ ተዋውቀዋል እንጂ አልተገናኙም» አላቸው። አንድ ጊዜ ነካ ሲያደርገው ዘፈኑ ወጣ። ሹፌሩም ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ዳግመኛ ማብራሪያ አልጠየቁም።

የወጣቱ አነጋገር ለጨዋታ የተነገረ ቢመስልም፣ በሥነ ልሳን ዓይን ሲመረመር ከታተመው ስያሜ ይልቅ ትክክለኛ ሆኖ እናገኘዋለን። በብሉቱዝ የሚደረገው ግንኙነት ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለቱ መሣሪያዎች ማንነታቸውንና የምስጢር ቁልፋቸውን ተለዋውጠው በየማኅደረ ትውስታቸው ይይዛሉ። ይህ አንድ ጊዜ ከተፈጸመ፣ ሆን ተብሎ ካልተሰረዘ በቀር፣ መኪናው ጠፍቶ ሲያድርም እንዳለ ይቆያል። በሁለተኛው ደረጃ ድምፅ የሚተላለፍበት መሥመር ይከፈታል። ይህኛው ሞተሩ ሲጠፋ ወይም ስልኩ ከመኪናው ሲርቅ ይቋረጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜም እንደገና መከፈት አለበት።

አሁን ግሦቹን እንመልከት። «ተዋወቀ» እና «ተገናኘ» ሁለቱም የእርስ በርስ ድርጊትን የሚያመለክቱ ናቸው፤ አንደኛው ከ«ዐወቀ»፣ ሁለተኛው ከ«አገኘ» ጋር ይዛመዳል። ልዩነታቸው በጊዜ ጠባያቸው ላይ ነው። የተዋወቁ ሰዎች ከተለያዩም በኋላ የተዋወቁ ናቸው፤ ዕውቀቱ አብሯቸው ይሄዳል። የተገናኙ ሰዎች ግን ይለያያሉ፤ ነገም እንደገና ይገናኛሉ። እንግዲህ አማርኛ ለመጀመሪያው ደረጃ ጸንቶ የሚቆይ፣ ለሁለተኛው ደረጃ የሚደጋገም ግሥ አዘጋጅቶ ይጠብቀን ነበር ማለት ነው። ከማንም ሳንበደር፣ ከማንም ሳንፈጥር የምናገኘው ሀብት ይህ ነው።

«ማጣመር» የሚለውስ? የቃሉ ሥር ጥ-ም-ር ሲሆን ከግዕዙ «ፀመረ» ጋር ይዛመዳል፤ በሬ የሚጠመድበት ጥ-ም-ድ ግን ከግዕዙ «ፀመደ» ጋር የሚሄድ ሌላ ሥር ነው። ሥሮቹ ይለያዩ እንጂ በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድነት የታሰረን፣ አሁን አብሮ ያለን ነገር ያሳስባሉ። ስንዴና ገብስ በሚታረስበት በአርሲ ደጋ የሚኖር ሰው ጥማድ በሬ የሚለው ቀንበር የተጫነባቸውንና በሥራ ላይ ያሉትን ነው። በበረት ተኝተው የሚያመሰኩት በሬዎች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ቢሆኑም ያን ሰዓት አልተጠመዱም። ስለዚህ «ተጣምሯል» የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ሥራው ተጀምሯል፣ ድምፅ ሊወጣ ይገባል ብሎ ቢጠብቅ ስሕተቱ የእርሱ አይደለም። ተርጓሚው ለመጀመሪያው ደረጃ የሰጠው ቃል በትርጉሙ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ያዘነበለ ነው። ሹፌሩ አማርኛውን በትክክል ተረድተውት ነበር፤ የተሳሳተው አማርኛውን የመረጠው ነው።

ችግሩ በብሉቱዝ ብቻ የተወሰነ አይደለም። «አገናኘ» የሚለው ግሥ ከእንግሊዝኛው አንድ ቃል ጋር ስለተያያዘ ብቻ አራት የተለያዩ ድርጊቶችን እንዲሸከም ተደርጓል። አንደኛ፣ ፍላሽ ይሰካል። ፍላሹ ዘፈን የተጫነበት ዕቃ እንጂ ማጫወቻ አይደለም፤ አንብቦ የሚያጫውተው ቴፑ ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ማጫወቻው በሽቦ ከቴፑ ጋር ይያያዛል። እዚህ ላይ የሚያጫውተው ማጫወቻው ሲሆን ቴፑ የመጣለትን ድምፅ አጉልቶ ከማሰማት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ዘፈን ለመቀየር የሚነካውም ስልኩ ነው። ሦስተኛ፣ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ አስተላላፊ ድምፁን በኤፍ ኤም ሞገድ ይልካል፤ የቴፑም ሬዲዮ እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይይዘዋል። ይህ ዘዴ ጣቢያ ከሚበዛበት ከአዲስ አበባ ይልቅ ባዶ ቁጥር በቀላሉ በሚገኝበት አገር ይሻላል። አራተኛው ከላይ የተመለከትነው የብሉቱዝ መንገድ ነው። ሰካ፣ አያያዘ፣ ያዘ፣ አስተዋወቀና አገናኘ ብሎ የሚለይ ሰው ድምፁ ሲጠፋ ጥፋቱን የት እንደሚፈልግ ያውቃል። «አልተገናኘም» ብቻ ያለ ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ወጣቶች ዛሬ «ኮኔክት አድርገው» እያሉ አራቱንም በአንድ ቃል ሲጠቀልሉ ይሰማሉ። ይህን የምንነቅፍ ሁሉ «አገናኘ»ን በየቦታው መደንቀራችን ከዚያ የማይሻል መሆኑን መገንዘብ ይገባናል። የአንዱ ቃል ውጭ አገር በቀል መሆንና የሌላው አማርኛ መሆን የሐሳቡን መደፍጠጥ አያስቀረውም።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ ደግሞ ጋራዡ ጥሩ አስተማሪ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ጎማ ከጣልያንኛ የመጡ ስሞች ናቸው። ነገር ግን ፍሬን ይያዛል፤ ፍሪሲዮን ይረገጣል፤ ጎማ ይነፋል፣ ይፈታል። ስሙ ተውሶ ነው፤ ግሡ የአገር ነው። ቋንቋው ከመኪና ጋር ሲተዋወቅ የተከተለው መንገድ ይህ ነው፤ ቴፕን፣ ፍላሽንና ብሉቱዝንም የተቀበለው በዚሁ መንገድ ነው። በአሰላ እንደሚሰማው አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያፈራረቀ የሚናገር ሹፌር ስሞቹን በሁለቱም ልሳን እንዳሉ ይጠቀምባቸዋል፤ ግሡን ግን ከየቋንቋው ይመዛል። በዚህ አኳኋን የውሰት ስም የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች መግባቢያ ድልድይ ይሆናል፤ እንደ ጉዳት ብቻ መቆጠር የለበትም።

«ብሉቱዝ»ን «ሰማያዊ ጥርስ» ብሎ መተርጎም ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ለማስረዳት የስሙን ምንጭ ማስታወስ ይበቃል። ስያሜው በአሥረኛው ምዕተ ዓመት ከኖረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ስለሆነ፣ ስለ መሣሪያው አሠራር ለዴንማርክ ሰውም የሚነግረው ነገር የለም። የመጠሪያ ስም እንዳለ ይወሰዳል እንጂ አይተረጎምም። በሌላ በኩል በቴፑ ፊት ላይ የሚገኘው፣ ሹፌሮች «ኦክስ» የሚሉት ቀዳዳ ስሙ ሥራውን የሚገልጽ ነው። ይሁንና እንደ ቃሉ «ረዳት መግቢያ» ተብሎ ቢተረጎም ምን ይሆናል? በአገራችን መኪና ላይ ረዳት ማለት በር ከፍቶ የሚያስገባው፣ ሒሳብ የሚሰበስበው ልጅ ነው። «ረዳት መግቢያ» የተባለ ተሳፋሪ ወደ በሩ ቢመለከት አይፈረድበትም። «የውጭ ድምፅ መግቢያ» ቢባል ግን ምን እንደሚገባበትና ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ይታወቃል።

«ቴፕ» የሚለው ቃል ራሱ ካሴት ከጠፋ በኋላም የመኪናው ድምፅ ማሰሚያ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ የሚያሳፍር አይደለም። «ስልክ»ም በመነሻው ሽቦ ማለት የሆነ የዓረብኛ ቃል ነበር፤ ዛሬ ሽቦ የሌለው ስልክ በየኪሳችን ይገኛል። ቃል ከተፀነሰበት ዕቃ በላይ ይኖራል። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ የቃሉን ዕድገት ይመዘግባል እንጂ ወደ ልደቱ ቀን አይመልሰውም።

በዚህ ሂስ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ማስተዋወቅ» ለንግድ ማስታወቂያም ስለሚያገለግል ያምታታል የሚል ነው። «ስልኩን ከቴፑ ጋር ማስተዋወቅ» ሲባል ግን ስለ ገበያ የሚያስብ አይኖርም፤ ዐውዱ ይለየዋል። ሁለተኛውና ጠንከር ያለው ተቃውሞ «ማጣመር» በስልኮች ላይ ስለሠፈረ አሁን መለወጥ ግርታን ይጨምራል የሚል ነው። ይህን በቀላሉ አናልፈውም። የሠፈረ ቃል መንቀል የራሱ ጉዳት አለው። ስለዚህ ቃሉ ይነቀል አንልም፤ ነገር ግን ብቻውን ቆሞ ሥራው እንደተጠናቀቀ የሚያስመስለው «ተጣምሯል» የሚለው ማሳወቂያ «ተዋውቋል፤ ገና አልተገናኘም» በሚል ቢተካ ማንም የሚጎዳበት ምክንያት አይታየንም።

ወቀሳው ለሌላ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ለታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ብሉቱዝ ገና ያልተወለደ ነበርና እርሱን በዚህ መክሰስ ግፍ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በቃላት ስየማ ስብሰባዎች የተቀመጥን እኛ ግን ምክንያት የለንም። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን «ይህ ዕቃ ማን ይባል?» ስንል «ሰው በዚህ ዕቃ ምን ያደርጋል?» ብለን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሰየምናቸው ስሞች በወረቀት ላይ ሲቀሩ ሕዝቡን ቸልተኛ ነው አልን፤ ሕዝቡ ግን በግሦቹ አማካይነት ሥራውን ሲሠራ ነበር።

ስለሆነም ለባልደረቦቻችንና ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማንኛውም የመሣሪያ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት አብሮት የሚሄደው ግሥ ይጠና፤ ግሡም መሣሪያው ከሚሠራበት ቦታ፣ ከጋራዡና ከመናኸሪያው፣ ይሰብሰብ። የእንግሊዝኛው አንድ ቃል ብዙ ድርጊት ሲሸፍን አማርኛው የግድ አንድ እንዲሆን አይጠበቅ። የተመረጠውም ቃል ለባለሙያ ጉባኤ ከመቅረቡ አስቀድሞ መሣሪያውን ለሚጠቀም ሰው ተነብቦለት ምን እንደሚጠብቅ ይጠየቅ። ያን ዕለት በዳገቱ ላይ የተጓዝን ሁሉ ደኅንነታችን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን በአንድ ግሥ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቃሉን ያቃናው የአሰላው ወጣት መዝገበ ቃላት አልገለጠም፤ የሚቀጥለው መዝገበ ቃላት ግን የእርሱን ቃል ሊመዘግብ ይገባል።