አረንጓዴው መጋረጃና የካርቱም ለቅሶ

«ካርቱም» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ቀረበ። ባለታሪኮቹ አምስት የከተማይቱ ነዋሪዎች ናቸው፦ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ አንድ የተቃውሞ ኮሚቴ በጎ ፈቃደኛና ጠርሙስ የሚለቅሙ ሁለት ልጆች። አራቱ ሱዳናውያን አዘጋጆችና እንግሊዛዊው ፊል ኮክስ ቀረጻውን የጀመሩት በሰላሙ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ቀራጩም ተቀራጩም ተሰደዱ። የቀረውን ታሪክ በስደት አገር፣ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቆመው ራሳቸው ተወኑት፤ አንዱም በሌላው ታሪክ ውስጥ ገብቶ ተጫወተ።

ታዲያ የተተወነ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነውን? ልማዳችን መልስ አለው። በለቅሶ ቤት አልቃሽ ግጥም ስትደረድር ጥበብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ዳሩ ግን እንባውን የሚያወርደው ያው ግጥም ነው። ፊልሙም መጋረጃውን አለመደበቁ ሐቀኝነቱ ነው፤ የምትታየው ካርቱም በትዝታ የቀረችው መሆኗን ይነግረናልና።

ጉድለቱ ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው መቸኮሉ ነው። ለቅሶ ዝምታም ይሻል።

ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 «ስደት» በተሰኘው ፊልሟ ያሳየችን በሱዳን የተጠለሉ ሴቶችን ነበር። ዛሬ አስጠጊው ራሱ ተሰዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከትግራይ የሸሹትን፣ በኋላም ከካርቱም የተፈናቀሉትን ለተቀበለችው ገዳሪፍ ይህ ፊልም የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ተመልካቹም ለቅሶ ደራሽ ነው።