የግፍ ብድራትና የንጹሓን መከራ

ባገራችን «ግፍ ይደርሳል» የሚለው አነጋገር ከጥንት ጀምሮ የድኻው መጽናኛ፥ የኀያሉም ማስፈራሪያ ሁኖ ኖሯል። ዳኛ በማይደርስበት ቦታ የበዳዩን እጅ የሚይዘው ይኸው እምነት ነውና በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን «የእጁን አገኘ» ተብሎ በተጎጂው ላይ ሲፈረድበት አሳቡ ይጸና እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ይኸን እምነት ከሕንዶች ካርማ ጋራ ማመሳሰል ይቀላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ካርማ ሠሪውን ራሱን በሚመጣው ልደቱ ተከትሎ ያገኘዋል። የእኛ ግፍ በደም ሐረግ ስለሚወርድ «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል። እንግዲህ ካርማ ባለዕዳውን አይለውጥም፤ ግፍ ግን ያልተበደረውን ሰው ያስከፍላል።

ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየች፤ ጦርነቱም መርሳንና የሀብሩን ገጠር አዳረሰ። በዚያ ዘመቻ በአማራና በአፋር ክልሎች ቢያንስ 403 ሰላማዊ ሰዎች በከባድ መሣሪያና በአየር ጥቃት እንደ ሞቱ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አስታውቋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በመቀሌ የሕፃናት መዋያ በአየር ጥቃት ተመትቶ ሕፃናት ሞተዋል። የሀብሩ ገበሬ ወይም የመቀሌ ሕፃን የማንን ዕዳ ከፈለ? ከሩቅ የሚተኰስ መድፍ የሟቹን ስም እንኳ አያውቅም፤ ኀጢአቱንማ ከወዴት ያውቃል?

«የአባታቸው ግፍ ነው» የሚል ሰው ሳያስበው ተኳሹን የእግዚአብሔር እጅ ያደርገዋል፤ ወንጀሉም ፍርድ መስሎ ይታያል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን በደል እንደማይሸከም አስተምሯል። ቁርኣንም ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ይናገራል። ስለዚህ የወሎ ክርስቲያንና እስላም ጎረቤታሞች በዚህ ነገር አንድ ቃል አላቸው። በ1949 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የጄኔቫ ውልም በአንቀጽ 33 ሰው ባልሠራው ጥፋት እንዳይቀጣ ይከለክላል።

እንግዲያስ እምነቱ ይጥፋ አንልም፤ አቅጣጫው ይቃና እንላለን። «ግፍ ይደርሳል» የሚለው ቃል ለአድራጊው ሲነገር ማስጠንቀቂያ ነው፤ በተቀበረው ሰው ላይ ሲነገር ግን ራሱ ሌላ ግፍ ይሆናል። ግፍን ለሰማይ ብቻ ትቶ ዝም ማለትም አይበቃም፤ የሠሪው ስም በምድር ዳኛ ፊት ሊጠራ ይገባል።