ለዙሩ የሚገባውን መስጠት

ጉንጉን ምንጣፍ ሲታይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ወለሉ ላይ እንዴት እንደተኛ ነው። መሃሉ ካበጠ ወይም ዳሩ ከተሸበሸበ፣ የቱንም ያህል ቢያምር እግር ይጠልፋል።

ሥራው ከጨርቁ ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ ሰዎች ያረጀ የሱፍ ልብስ እየቀደዱ ይጎነጉኑት ነበር፤ ሱፍ ወፍራም ነው፣ እጥፉንም ይይዛል። እኛ ቤት የማይጠፋው ጥጥ ነው፦ አሮጌ አንሶላ፣ ቲሸርት፣ ከልብስ ሰፊ የተረፈ ቁርጥራጭ። ጥጥም ጥሩ ምንጣፍ ይወጣዋል፤ ብቻ ከመቀደዱ በፊት ይታጠብ። አለዚያ ኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ምንጣፉን ያጣምመዋል። ሱፍና ጥጥን ግን በአንድ ምንጣፍ አልቀላቅልም፤ እኩል አያረጁም።

ጨርቁ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይቀደድና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ቅዳጆቹ ሲቀጣጠሉ በሰያፍ ይሰፋሉ፤ ቀጥ ብሎ የተሰፋ መቀጠያ አንድ ቦታ ላይ ይቋጠራል። አብረው የሚጎነጎኑት የሦስቱ ዘለላዎች ርዝመትም ይለያይ፤ እኩል ከሆነ መቀጠያዎቹ ይገጥሙና ጉንጉኑ እዚያ ያብጣል። ውጥረቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ይሁን፤ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ሥሩንም ጫፉንም በአንድ ጉልበት እንደምትይዘው።

ምንጣፉ ጠፍጣፋ መሆን አለመሆኑ የሚለየው ግን ጉንጉኑ ከመሃል ጀምሮ እየዞረ እርስ በርሱ ሲያያዝ ነው። ጫፉ በደነዘ ወፍራም መርፌና በጠንካራ ክር ከምንጣፉ ዳር አንድ አንጓ፣ ከአዲሱ ጉንጉን አንድ አንጓ እያልኩ እስባለሁ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ከአዲሱ ጉንጉን አልፎ አልፎ አንድ አንጓ እዘላለሁ፤ የውጭው ዙር ከውስጡ ስለሚረዝም ትርፍ ጉንጉን ይፈልጋል። በክብ ምንጣፍ፣ ጉንጉኑ 2 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይበልጣል። ምንጣፉ ቢያድግም ይህ ጭማሪ ያው ነው። ስለዚህ መሃሉ አካባቢ ዝላዩ ይቀራረባል፤ ወደ ዳር ይራራቃል። ዙሩ ዝላይ ሲነፈገው ዳሩ ሽቅብ ይነሳል፤ ሲበዛበት ይሸበሸባል።

ሞላላ ከሆነ ጭማሪው ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ነው፤ ጎኖቹ ያለ ዝላይ ይሰፋሉ። ሥራው የሚጀመርበት የመሃሉ ቀጥ ያለ ጉንጉን ርዝመት የሚገኘው ከምንጣፉ ቁመት ላይ ስፋቱን በመቀነስ ነው፤ ለ150 በ100 ሴንቲ ሜትር ምንጣፍ 50 ገደማ ይሆናል።

ቁጥሩ መንገድ ያሳያል፤ ጨርቅ ግን ጠባዩ ይለያያል፤ አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው አሻፈረኝ ይላል። ጀማሪ ሥራውን ጭኑ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይስፋ፤ ዙር በጨረሰ ቁጥርም በመዳፉ ይዳብሰው። ያን ጊዜ የተገኘ ጉብታ አንድ ዙር ተፈትቶ ይቃናል። ከአሥር ዙር በኋላ ከሆነ አሥሩም መፈታታቸው ነው። ጥሩ ምንጣፍ የሚያወጣው ሳይረፍድ ለመፍታት የማይሰስት እጅ ነው።