“የአጥንት መሳሳት” ስንቱን ይሸከማል? በአንድ የሕክምና ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ሰው ሠራሽ የቁርጭምጭሚት መጋጠሚያ ከተተከለ በኋላ በአጥንት ላይ የሚደርሰው ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። ተርጓሚ ግን ሁሉንም “የአጥንት መሳሳት” ብሎ ለመጠቅለል ይቀናዋል። ይህ አተረጓጐም ስለ ሦስት ምክንያቶች መታረም ይገባዋል።

አንደኛ፤ “መሳሳት” የተያዘ ስያሜ ነው። በዕድሜ፥ በተለይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ፥ የመላው አካል አጥንት ጥንካሬውን የሚያጣበትን ሕመም ያመለክታል። በመጋጠሚያው ዙሪያ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ፕላስቲክ በእርምጃ ብዛት ይፋቃል፤ ብናኙ ብግነት ያስነሣል፤ ብግነቱም አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ያነቃቃል። በዚህም የተነሣ በአገዳው ወይም ከሥሩ ባለው አጥንት ውስጥ ጉድጓድ ይፈጠራል።

ሁለተኛ፤ “የአጥንት መሟሟት” የሚለው አማራጭም አያረካም። ግሪክኛውን በታማኝነት ይከተላል፤ ሆኖም “ሟሚ” እና “አሟሚ” የኬሚስትሪ ቃላት ስለ ሆኑ፥ አጥንቱ በውሃ እንደ ገባ ጨው በራሱ የጠፋ ያስመስላል። በሊታውን ሕዋስ ይሰውራል።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ስያሜው በሰሚው ላይ የሚያስከትለው ውጤት ነው። በውጭ አገር ቁርጭምጭሚቱን አስለውጦ ማክሰኝት ወዳሉት ዘመዶቹ የተመለሰ ሰው እናስብ። “አጥንትህ ሳስቷል” ቢባል ወተትና ኪኒን ይበቃኛል ይላል። ጉድጓዱ ለረጅም ጊዜ ሕመም ላይኖረው ስለሚችል ወጌሻም ሐኪምም ዘንድ አይሄድም። ተራ ራጅ እንኳ የጉድጓዱን ስፋት አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ በሲቲ ስካን ይበልጥ ይታያል። ክትትሉ ከተቋረጠ አጥንቱ ሊደረመስ፥ መጋጠሚያውም ሊላላ ይችላል።

ስለዚህ “የአጥንት መቦርቦር” የሚለውን እደግፋለሁ። “የጥርስ መቦርቦር” በሕዝብ አፍ የታወቀ ነው። በማክሰኝት ገበያ ሽምብራ የሚሸምት ሰውም ነቀዝ የቦረቦረው ፍሬ ላዩ ሙሉ፥ ውስጡ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ስያሜው ያለ ሕመም የሚደርሰውን ጉዳት ሳያስፈራ ያስጠነቅቃል።

ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ጥርስን የሚቦረቡረው የተሕዋስያን ሥራ ስለ ሆነ፥ ሰሚው አጥንቱ የመረቀዘ ሊመስለው ይችላል። መጋጠሚያ ሊመረቅዝ መቻሉም እውነት ነው። መፍትሔው ግን ቃሉን መተው ሳይሆን “መመርቀዝ”ን ለብቻው መጠበቅ ነው። እንዲሁም ብረቱ ጫናውን ስለ ወሰደለት ሥራ ፈትቶ የሚቀጥነውን አጥንት “መነመነ”፥ እንደ መጥረቢያ ዛቢያ የሚወዛወዘውን መጋጠሚያ “ላላ” ማለት ይበቃል። ሐኪሞች በመካከላቸው “ኦስቲዮላይሲስ” ቢሉ አይነቀፍም፤ ለሕመምተኛ በሚጻፈው መግለጫ ላይ ግን “መቦርቦር”፥ “መመንመን”፥ “መላላት” እና “መመርቀዝ” ተለይተው ይጻፉ።