«ሾሌይ»፣ ተመልካቹና ሐያሲው

ፊልም ከኪነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበስብ እንደ መሆኑ መጠን፣ ሐያሲውን ከተመልካቹ ጋር ፊት ለፊት የሚያጋጥመውም እርሱ ነው። ግጥም የሚነቅፍ ሰው የግጥሙን ወዳጅ አያየውም፤ ሥዕል የሚነቅፍም ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ማሰብ ይችላል። በሲኒማ ቤት ግን ሐያሲው ፊቱን ባኮሳተረበት ቅጽበት በቀኙ የተቀመጠው ሰው ያለቅሳል፤ በግራው ያለው ያጨበጭባል። መብራት በርቶ ሕዝቡ እየተጨዋወተ ሲወጣም ያ አንድ ሰው ከሁለት አንዱን ማሰቡ አይቀርም፤ ወይ «ሕዝቡ አልገባውም» ይላል፤ ወይም «ምን አመለጠኝ» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ ድካም የለበትምና።

በኢትዮጵያ የተማረው ክፍል ለዚህ ንቀት የራሱ መግለጫ አለው። የማይታመን ታሪክ ሲሰማ «የሕንድ ፊልም ነው» ይላል። ይሁን እንጂ የሕንድ ፊልም ማለት በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሲኒማ ቤቶችን ወንበር የሞላ፣ ከቋንቋው አንዲት ቃል የማያውቀው ተመልካች እንኳ ዜማውን እያንጎራጎረ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ነው። «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን ሕግ ሕፃናቱ ያጸደቁት በእንደዚህ ያሉት አዳራሾች ውስጥ ነበር። በሌላ በኩል ከሕንድ የመጡ መምህራን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን አስተምረዋል። ቀን ከሕንዳዊ መምህሩ አልጄብራ የተማረ ወጣት ማታ የሕንድ ፊልም ለማየት ይሰለፍ ነበር፤ ካደገ በኋላ ግን የቀኑን በኩራት ሲያነሣ የማታውን ይደብቃል።

ጉዳዩ በጥቅሉ ከሚታይ ይልቅ በአንድ ሥራ ላይ ቢመረመር ይሻላል። «ሾሌይ» የተባለው የሂንዲ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው ነሐሴ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1975) ነው። አዘጋጁ ራሜሽ ሲፒ፣ ደራሲዎቹ ሳሊም ካንና ጃቬድ አኽታር ናቸው። ጋባር ሲንግ የተባለ ሽፍታ የቀድሞውን የፖሊስ መኮንን፣ የራምጋር መንደር ባላባት የሆነውን ታኩርን ቤተ ሰብ ይፈጃል፤ የራሱን የታኩርንም ሁለት እጆች ይቆርጣል። ታኩርም በሥራ ዘመኑ የሚያውቃቸውን ቪሩና ጄይ የተባሉ ሁለት ወንጀለኞች ቀጥሮ ሽፍታውን በሕይወት እንዲያመጡለት ያሰማራቸዋል። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ባቡር፣ ፈረስ፣ ዘፈን፣ ቀልድ፣ ለቅሶና ጥይት ሁሉም በውስጡ ተጠቃለው ይገኛሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሂሶች ቀዝቃዛ ነበሩ። ነቀፌታውም መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ የታሪኩ አጥንት ከጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (እ.ኤ.አ. 1954)፣ አለባበሱና ድንጋያማ ሜዳው ደግሞ ከአሜሪካ የከብት ጠባቂዎች ፊልም የተወሰደ መሆኑን ማንም ያያል። በዓመቱ የፊልምፌር ሽልማትም «ሾሌይ» ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የቅንብር ነው። ሕዝቡ ግን እየተቀባበለ አወራለት። በቦምቤይ ሚኔርቫ ሲኒማ ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። ዘፈኑ ብቻ ሳይሆን የተዋንያኑ ንግግር ሳይቀር በሸክላ ታትሞ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያው የፊልምፌር ሽልማት የኀምሳ ዓመት ምርጥ ፊልም ብሎ ሰየመው።

ከዚህ ተነሥቶ ሐያሲዎቹ ተሳሳቱ፣ ሕዝቡ ረታ ማለት አይገባም። የሳምንት ብዛት ማስረጃ ቢሆን ኖሮ የትኬት ቆራጩ መዝገብ በበቃ፤ ሂስም ባላስፈለገ። የመጀመሪያዎቹ ሐያሲዎች ጥፋት አለመውደዳቸው ሳይሆን ከየት እንደ ተወሰደ ተናግረው እንዴት እንደሚሠራ ሳይመረምሩ መቅረታቸው ነው።

ለአብነት ያህል ጋባር ሲንግ መጀመሪያ የሚታይበትን ትዕይንት እንመልከት። ሦስት ሰዎቹ በሁለት ሰዎች ተሸንፈው ተመልሰዋል። ሽፍታው አይጮኽም፤ ቀስ እያለ ይጠይቃል፣ ይራመዳል፣ ትንባሆ ያኝካል። የሽጉጡን ጥይት ከፊሉን አውጥቶ ያሽከረክርና በየተራ ራሳቸው ላይ ይስባል፤ ሦስቱም በዕድል ይተርፋሉ። ይስቃል፤ የተረፉትም ይስቃሉ፤ ሠራዊቱ ሁሉ ይስቃል፤ በአዳራሹ ያለው ተመልካችም አብሮ ይስቃል። በዚያ ሳቅ መካከል ሦስቱንም ይገድላቸዋል። ተመልካቹ ከገዳዩ ጋር ሲስቅ መያዙን የሚያውቀው ከተኩሱ በኋላ ነው። አምጃድ ካን የተባለው ተዋናይ ይህን የሚያደርገው ከጡንቻው ይልቅ በአነጋገሩ ነው፤ ንግግሩን ሰው በሸክላ ገዝቶ በቤቱ የሚያዳምጥበት ምክንያትም ይኸው ነው። ንግግር አዋቂ በሚከበርበት፣ ቅኔ የሚፈታ ሰው ጉባኤ በሚሰበስብበት አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ባላስቸገረ ነበር፤ ሆኖም «የሕንድ ፊልም» የሚለው ስላቅ ጆሮን ይደፍናል።

የጄይ ሳንቲምም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ባልንጀሮች አንድ ነገር ለመወሰን በተቸገሩ ቁጥር ጄይ ሳንቲም ይወረውራል። እርሱ ከሞተ በኋላ ቪሩ ሳንቲሙን ሲያገላብጠው ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል፤ ዕጣ የመሰለው ሁሉ ምርጫ ኖሯል፤ ወደ ኋላ ቀርቶ ባልንጀራውን ያስመለጠውም ዐውቆ ነበር። ብልሃቱ ርካሽ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይህን ያህል ስለ ወዳጅነት በአንዲት ሳንቲም መናገር ለብዙ «ከባድ» ፊልሞችም የከበዳቸው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ፊልሙን አለመውደድ ይቻላል፤ እንዲያውም በትክክል አለመውደድ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። በኩሮሳዋ ሥራ ውስጥ ገበሬዎቹ ፈሪዎችም ተንኮለኞችም ናቸው፤ ቢሆንም ጦር ይዘው ይሠለጥናሉ፣ በጭቃ ውስጥ ይዋጋሉ፣ በመጨረሻም ድሉ የእነርሱ መሆኑ ይነገራል። በራምጋር መንደር እህሉን ለሽፍታ የሚገብረው ሰው ለራሱ ነጻነት የሚያደርገው ነገር ከቶ አይታይም። አንድ ጊዜ ብቻ የመንደሩ ድምፅ ይሰማል። የዐይነ ስውሩ ኢማም ልጅ ተገድሎ ሬሳው በፈረስ ጀርባ ሲመጣ፣ መንደርተኛው ሁለቱ ቅጥረኞች ይውጡልን ብሎ በታኩር ላይ ይነሣል። ያ ልጁን ያጣ ሽማግሌ ግን መንደሩን ተናግሮ ያሳፍርና ወደ ጸሎቱ ያመራል። ከፊልሙ ሁሉ ክብደት ያለው ትዕይንት ይህ ነው። ደራሲዎቹ ግን ከዚያ ወዲያ መንደሩን ረስተው ጠቡን ለባላባቱና ለሁለቱ ጀግኖች ብቻ ያስረክቡታል።

ሳትያጂት ራይ ገና አንድም ፊልም ሳይሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ የሕንድ ፊልሞች ጉድለት ምን እንደ ሆነ በጋዜጣ ጽፎ ነበር፤ በ1955 «ፓተር ፓንቻሊ»ን ባቀረበ ጊዜም የነቀፈውን ነገር በሥራ መለሰ። ነገር ግን ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 «የቼዝ ተጫዋቾች» የተባለውን የሂንዲ ፊልሙን ሲያዘጋጅ የአዋድን ንጉሥ እንዲጫወት የመረጠው ጋባር ሲንግን የተጫወተውን አምጃድ ካንን ነበር። ታኩርን የተጫወተው ሳንጂቭ ኩማር ከቼዝ ተጫዋቾቹ አንዱ ሆነ፤ ተራኪው ድምፅም የጄይ፣ ማለትም የአሚታብ ባችቻን ነው። ሽፍታው ገጣሚና ለስላሳ ንጉሥ ሆኖ ሲታይ የተዋናዩ ችሎታ የቱን ያህል እንደ ነበር ይገለጣል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የወደደውን ነገር ሁሉ የናቀ አዘጋጅ ይህን ተዋናይ ለዚህ ሚና ሊያስበው ባልቻለም ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የ«ሾሌይ» ጉድለት ሴቶቹ ዘንድ ነው። ባሳንቲ ጋሪ ነጂ ናት፤ ሠርታ የምትበላ፣ አፏ የማያርፍ፣ ማንንም የማትፈራ። እንዲህ ያለች ሴት በሽፍታው ትእዛዝ በተሰባበረ ጠርሙስ ላይ ስትጨፍር ትገኛለች። የታኩር ምራት ራድሃ ግን ከእርሷ ትብሳለች። ባሏ ከተገደለ ወዲህ ነጭ ለብሳ ድምፅ ሳታሰማ ትኖራለች። በየማታው የቤቱን መብራቶች አንድ በአንድ ስታጠፋ ጄይ ከሩቅ ሃርሞኒካ ይነፋል። አይነጋገሩም። ካሜራውም አይቸኩልም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ይህ ጸጥታ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የመበለት ዳግም ጋብቻ በሕንድ በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1856 ነበር፤ ፊልሙም ጥያቄውን በድፍረት ያነሣዋል፤ ታኩር ራሱ የራድሃን አባት እስከ ማነጋገር ይደርሳል። ከዚያ ጄይ ይሞታል። ደራሲዎቹ ሽፍታውን ሳይፈሩ የጎረቤትን ወሬ ፈሩ። ተመልካቹ ለጄይ ሲያለቅስ ከጥያቄው መሸሻ መንገድ ተሰጥቶታል።

ፊልሙን ያልወደደ ሌላም ወገን ነበር። የኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጣው ሰኔ 18 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ ፊልሙ ከመታየቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። ደራሲዎቹ መጀመሪያ በጻፉት ፍጻሜ፣ እጅ የሌለው ታኩር ጋባርን በሾህ ጫማው ረግጦ ይገድለዋል። የሳንሱር መሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በራሱ እግር ሲፈጽም መታየት የለበትም አለ። ስለዚህ ፖሊሶች በመጨረሻው ሰዓት ይደርሳሉ፣ ሽፍታውም ይያዛል፤ አርባ ዓመት ከዚያም በላይ የታየው ይህ ፍጻሜ ነው። ሐያሲ ያልወደደውን በጽሑፍ ይነቅፋል፣ ተመልካቹም መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ መቀስ የያዘው ግን ያልወደደውን ማንም እንዳያየው ያደርጋል። ያስቆረጠውም ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል፤ የተጎዳውን ሰው በቀል እንጂ የመበለቲቱን ዕጣ አልነካም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ፊልሙ ታድሶ በኢጣሊያ ቦሎኛ ከተማ ሲታይ የመጀመሪያው ፍጻሜ ተመለሰለት። ታኩር በቀሉን አገኘ። ራድሃ ዛሬም መብራቶቹን ታጠፋለች።