የበላዔ ሰብእ ግድግዳ

ኮሚክ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዘጌ ሂድ እለዋለሁ። የዘጌን የቡና ጫካ አቋርጦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የደረሰ ሰው፣ በክቡ ቤተ ክርስቲያን መካከል የቆመውን አራት ማዕዘን መቅደስ ያያል፤ ግድግዳው በሙሉ ሥዕል ነው። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ታሪኩ እንዲቀጥል ተመልካቹ መቅደሱን መዞር አለበት፤ ገጹን የሚገልጠው እግሩ ነው።

እኔ የማልጠግበው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ሳይቀር 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ደዌ የጸናበት ለማኝ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሚዛኑ በ78ቱ በኩል አዘነበለ፤ እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ብትጥል ግን ውኃው መዘነ። ያው ሰው ሲበላ፣ ውኃ ሲሰጥ፣ ሲመዘን ደጋግሞ ይሣላል፤ ሥዕሉ የዘለለውን ጊዜ የምንሞላው እኛ ነን። ጥርኝ ውኃ በስብከት ስንሰማው እናምነዋለን፤ ሚዛን ላይ ስናየው ግን የምንመዝነው ራሳችን ነን።

በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ከሥዕሉ አጠገብ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምረውን የግእዝ ጽሑፍ የማያነብ ገበሬም ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ሕጉ ግን ፍርዱን ከታሪኩ ያስቀድማል። ለይሁዳ ይመቻል፤ ክፉም ሆኖ ለዳነው ለበላዔ ሰብእ ይጠብበዋል። ታሪኩን ሚዛን ሳይሥሉ መጨረስ የማይቻለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ዓይን የማይችለውን ፍርድ ሚዛኑ ይሸከመዋል።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለገበያ ሲሣል የኖረው የንግሥተ ሳባ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ 44 እኩል ሳጥን አለው። ለኮሚክ ቅርጹ የቀረበው እሱ ነው፤ ነገር ግን ዘንዶው ሲገደልም ታቦቱ አክሱም ሲገባም ሳጥኑ ያው ስለሆነ የት ቆም እንደምንል አይነግረንም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የበሥራት ደበበ ኮሚክ «ጀምበር» ደግሞ ገጸ ባሕርያቱን በንግግር አረፋ ውስጥ ያናግራል። ዘጌ ላይ ይህን ድምፅ የሚሰጠው በመቋሚያው ሥዕሉን እየጠቆመ የሚተርከው ቄስ ነው።

የሚያሳስበኝ በዘይት ቀለም በሚሣሉት አዳዲስ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጻድቅን ከክፉ የሚለየው የዓይን ሕግ መረሳቱ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አዲስ ከተሣለ የምሴተ ሐሙስ ሥዕል ፊት ቆሜ ነበር። ፊቶቹ ሁሉ ለስላሳ፣ ሁሉም ባለ ሁለት ዓይን ናቸው። አጠገቤ አንድ ልጅ «እማዬ፣ ይሁዳ የትኛው ነው?» አለ። እናቱ ነጠላዋን እያስተካከለች ብዙ አየች። ከዚያ «ቄሱን እንጠይቃለን» አለችው።